ስለ ደም ስብና ስለ ጾም ዘይታችን

ባለፈው የገበያ ቀን በግልገል በለስ ሽንኩርት ስንገዛ ከኪሳችን የክኒን ፓኬት ወደቀብን። በአንድ ሰበካ አብረውን የሚያስቀድሱ አንዲት አረጋዊት እናት አንሥተው ሰጡንና የምን መድኃኒት እንደ ሆነ ጠየቁን። በደም ውስጥ ያለው ስብ ከልክ ሲያልፍ የሚታዘዝ መሆኑን ነገርናቸው። እርሳቸውም ዐዘኑ፤ ከኀዘናቸውም ይልቅ መደነቃቸው በዛ። «መምህር፣ እርስዎ ረቡዕና ዓርብን የማይሽሩ፣ ሰውነትዎም እንደ ቀርከሃ የቀጠነ ሰው ነዎት፤ የስብ በሽታ ከወዴት አግኝቶ ያዘዎት?» አሉን። በገበያ መካከል ቆመን የሰጠናቸው መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ግን እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐኪሙን በዚሁ ቃል ጠይቀነው እንደ ነበር ትዝ አለን። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ለእናታችን ጥያቄ ሰጥተነዋል።

በመጀመሪያ ሐኪሞች ኮሌስትሮል የሚሉት ስብ መሰል ነገር በባሕርዩ ጠላት አለመሆኑ መታወቅ ይገባዋል። ሰውነታችን የታነጸባቸው ሕዋሳት ሽፋናቸውን የሚያበጁት በእርሱ ነው፤ ሐሞትም ከእርሱ ይዘጋጃል። ከሚያስፈልገን ኮሌስትሮል የሚበዛውን የሚሠራልን የገዛ ጉበታችን ነው እንጂ ከገበታ የምናገኘው አይደለም። ስለሆነም ቅቤ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ በደሙ ኮሌስትሮል አለው።

ነገር ግን ስብ ከውሃ ጋር አይዋሐድም፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ስቡ በፕሮቲን ተጠቅልሎ፣ እንደ ጭነት ታስሮ በደም ውስጥ ይጓዛል። ከጉበት የተነሣውን ኮሌስትሮል ወደ ልዩ ልዩ አካላት የሚያደርሰው ጭነት ኤል ዲ ኤል ይባላል። ኤች ዲ ኤል የሚባለው ደግሞ የተረፈውን እየሰበሰበ ወደ ጉበት ይመልሳል። ጉበትም በደም የሚዞረውን ኤል ዲ ኤል የሚቀበልባቸው በሮች አሉት። እነዚህን በሮች ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። በሮቹ ጥቂት ወይም ደካማ ሆነውበት የሚወለድ ሰው አለ፤ ይህም ከአባት ወይም ከእናት ይወረሳል። እንዲህ ያለው ሰው ቢከሳም ቢጾምም ኤል ዲ ኤሉ ተርፎ በደሙ ይዞራል። አባታችን ገና በ50ዎቹ ዕድሜያቸው እርሻ ላይ ሳሉ በድንገት ማረፋቸውን ለሐኪሙ በነገርነው ጊዜ፣ ስለ ምግባችን ከጠየቀን ሁሉ ይልቅ ይህን አስምሮ ጻፈው። ለእናታችን ጥያቄ የመልሱ ግማሽ ይኸው ነው፤ ሚዛን የሰውን ክብደት ይናገር እንደ ሆነ እንጂ የደሙን ስብ አይናገርም።

የተረፈው ኤል ዲ ኤል ወዴት ይሄዳል? ብዙ ሰው የደም ሥርን እንደ ቦይ፣ ስቡንም በቦዩ ወለል እንደሚጋገር ደለል አድርጎ ያስባል። እኛም ለተማሪዎቻችን ይህንኑ ምሳሌ ለብዙ ዘመን ስንሰጥ ኖረናል፤ ምሳሌው ግን ትክክል አልነበረም። በመተከል ቆላ የጭቃ ቤት ሠርቶ የኖረ ሰው የሚያውቀው የተሻለ ምሳሌ አለ፤ እርሱም ምስጥ ነው። ምስጥ ከምርጊቱ በታች ገብቶ እንጨቱን ሲበላ ግድግዳው ለዓይን ደኅና መስሎ ይቆማል። ኤል ዲ ኤልም እንዲሁ ደም ቅዳ በሚባለው የደም ሥር ውስጠኛ ስስ ሽፋን ሥር ሰርጎ ይገባል። ነጭ የደም ሕዋሳት ሊጠርጉት ይመጣሉ፤ ስቡን እየዋጡ ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ። በላዩ ጠባሳ ይሠራበታል፤ በኋላም ካልሲየም ይጋገርበታል። ትምባሆ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ይህን ስስ ሽፋን ስለሚያቆስሉት ለስቡ በር ይከፍታሉ። ክምችቱ በወጣትነት ጀምሮ 30 ወይም 40 ዓመት ሙሉ ሕመም ሳይሰማ ሊያድግ ይችላል። ከዚያም አንድ ቀን ሽፋኑ እንደ እባጭ ይፈነዳል፤ ደምም ቁስል ያገኘ ሆኖ በዚያ ቦታ ይረጋል፤ የረጋውም ደም በጥቂት ደቂቃ መንገዱን ይዘጋዋል። የተዘጋው የልብ ደም ቅዳ ከሆነ የልብ ሥጋ መሞት ይጀምራል፤ የአንጎል ከሆነ ግማሽ አካል ሽባ ይሆናል፤ አንደበትም ይታሰራል።

ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምረን አይደለም። ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ባልደረባ ነበረን፤ ዕድሜው 47፣ ከእኛም የቀጠነ፣ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ነበር። ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ቀን ደረቱን ተጫነው፤ ግራ ክንዱ ዛለ፤ ላብ አጠመቀው። እርሱም «ጨጓራዬ ነው፤ ከረጅም ጾም በኋላ ዶሮው ከብዶኝ ነው» አለ፤ ቤተ ሰቡም አመነው፤ እኛም ልንጠይቀው ሄደን አመንነው። ወተት አጠጡት፤ የጨጓራ ክኒንም ሰጡት። በማግሥቱ ጧት ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድ በመንገድ ዐረፈ። በአገራችን «ጨጓራ» የሚለው ቃል ስንት የልብ ሕመም እንደ ሸፈነ እግዚአብሔር ያውቃል። በደረት ላይ ድንጋይ እንደ ተጫነ ሆኖ የሚሰማ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ሩብ ሰዓት ከቆየ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ያስኬዳል። እኛ ደማችንን ያስመረመርነው ከባልደረባችን 40 በኋላ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ለእኛ መኪናና ፍሪጅ ያመጣው ነው» ይላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ሊቃውንት ከግብፅ፣ ከፔሩና ከሰሜን አሜሪካ የተገኙ 137 የደረቁ የጥንት ሬሳዎችን በሲቲ ስካን መርምረው በ47ቱ የደም ሥር ውስጥ ይኸው ክምችት መኖሩን የሚያመለክት ነገር አግኝተዋል። ከእነዚህ መካከል በፈርዖኖች ዘመን በግብፅ ምድር የኖሩ ይገኙበታል። ስለዚህ በሽታው ከሰው ጋር የኖረ ነው፤ የሚለያየው መጠኑ ነው።

በእኛም አገር ነገሩ ተመዝኗል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ባካሄደው ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ከመቶ 5 ያህሉ ነበሩ፤ ይህ ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ይሁን እንጂ የተረፈውን የሚመልሰው ኤች ዲ ኤል አንሶ የተገኘባቸው ከመቶ ከ60 በላይ፣ የደም ግፊት የታየባቸውም ከመቶ 16 ያህል ነበሩ። ስለዚህ ዝቅተኛውን ቁጥር ብቻ አንሥቶ የሚደሰት ሰው ሌሎቹንም መመልከት አለበት።

ገበታ ሲለወጥ ደም እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳይ ምስክርም ከወገኖቻችን መካከል አለን። በ1977 ዓ.ም.፣ ማለትም በድርቅ የተጎዱት የወሎ ገበሬዎች ወደዚህ ወደ ፓዌ ለሰፈራ በመጡበት ዓመት፣ ቤተ እስራኤል ከጎንደር ተነሥተው በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በዚያ ያሉ ሐኪሞች ደማቸውን ሲመረምሩ ስቡ ከአገሬው ሰው ይልቅ ዝቅ ያለ ሆኖ አገኙት፤ የስኳር በሽታም በእነርሱ ዘንድ ብርቅ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ፣ ጤፉና ማሽላው በነጭ ዳቦና በጣፋጭ መጠጥ ሲተካ፣ በእግር መሄዱም ሲቀር፣ የደማቸው ስብ ከፍ አለ፤ የስኳር በሽታውም ተከተለ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የአባቶቻቸውም ደም አልተለወጠም። ይህን ያህል ለመለወጥ እስራኤል ድረስ መሄድ የማያስፈልግ መሆኑን ደግሞ በራሳችን ከተማ ቆመን እያየነው ነው፤ ከፓዌም ሆነ ከማንዱራ በእግሩ ይመጣ የነበረው ዛሬ በባጃጅ ይመጣል፤ ሲደርስም ብስኩትና ለስላሳ ያዛል።

አሁን ወደ ጾም እንመለስ፤ እናታችን የጠየቁት ዋናው ነገር እርሱ ነውና። ጾም የደምን ስብ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? ይቀንሳል። ሐዋርያው ቲቶ በተሾመባት በቀርጤስ ደሴት የግሪክ ሊቃውንት 120 ሰዎችን ተከታትለው ውጤቱን በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከእነርሱም ግማሾቹ የቤተ ክርስቲያንን አጽዋማት የሚጠብቁ፣ ግማሾቹ የማይጾሙ ነበሩ። በጾሙ ፍጻሜ ደማቸው ሲመረመር የጾሙት ጠቅላላ ኮሌስትሮል ካልጾሙት ከመቶ 12 ተኩል፣ ኤል ዲ ኤላቸውም ከመቶ 16 ያህል አንሶ ተገኘ። የእኛ አጽዋማት ከእነርሱ ይረዝማሉ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ጎመኑም ለደም ሥር የተመረጠ ምግብ ነው። ምንም እንኳ ጾም የተሠራው ለነፍስ እንጂ ለላብራቶሪ ባይሆንም ሥጋም ከበረከቱ ይካፈላል።

ታዲያ ጉዳቱ ከወዴት ይገባል? በሁለት በር ይገባል ብለን እናምናለን። አንዱ ጾሙ የሚፈታበት መንገድ ነው። በ55 ቀን የተገኘው ቅናሽ፣ በጾም የተከለከልነውን በአንድ ሳምንት እናካክስ ብለን በቅቤና በጮማ ከቀጠልን በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። ከዚህ በላይ ስለ ዶሮ ወጥ ለመናገር አንደፍርም፤ በቤታችንም የምንሰማው ተግሣጽ ይበቃናል።

ሁለተኛው በር ግን በጾሙ ውስጥ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ እርሱም ዘይቱ ነው። የቀድሞ እናቶቻችን የጾም ማዕድ በጠርሙስ ዘይት የቆመ አልነበረም፤ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የኑግ ልውስ፣ ሰሊጥ ነበረበት፤ እህሉ ከነቅባቱ ይበላ ነበር። ዛሬ የጾም ወጥ የሚሠራው ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ እስኪዋኝ ድረስ ነው። ዘይቱም በአብዛኛው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሸማቾች ማኅበራት በኩል በርካሽ ሲታደል የኖረው፣ ከማሌዢያና ከኢንዶኔዢያ የሚመጣው የፓልም ዘይት ነው። በጀሪካኑ ላይ «ኮሌስትሮል የሌለው» ተብሎ ተጽፎበታል። ጽሑፉ ሐሰት አይደለም፤ ኮሌስትሮል ይህ ነው የሚባል መጠን ያለው ከእንስሳ በሚገኝ ምግብ ብቻ ነውና የየትኛውም ተክል ዘይት እንዲሁ ሊባል ይችላል። ነገር ግን ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ስብ ነው። ይህ ስብ ደግሞ ከላይ የጠቀስናቸውን የጉበት በሮች ስለሚያሳንሳቸው ኤል ዲ ኤል በደም ውስጥ ይበዛል። በቅቤ ውስጥ የሚረጋው ስብ ከጠቅላላ ስቡ ከመቶ 60 ያልፋል፤ በኑግ፣ በሰሊጥና በአኩሪ አተር ዘይት ግን ከመቶ 15 ገደማ ነው። እንግዲህ በጾም ቅቤውን ትቶ በፓልም ጠብሶ የሚበላ ሰው ከጉዳቱ የራቀው በጥቂቱ ብቻ ነው።

የእኛ አገር ሰው ይህን በዓይኑ የማያየው በሙቀቱ ምክንያት ነው። በግልገል በለስ ቆላ ዘይቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ፈስሶ ይታያል። ያንኑ ጀሪካን ይዛችሁ በኅዳር ወር ወደ ዳንግላ ብትወጡ ጧት ነጭ ሆኖ ረግቶ ታገኙታላችሁ። እኛን ይልቁን የሚያሳዝነን፣ መተከል ራሱ የቅባት እህል አገር መሆኑ ነው። ሰሊጣችንና ለውዛችን በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ በፓዌ የእርሻ ምርምር ማዕከል ስለ አኩሪ አተር ለብዙ ዓመታት ሲደከም ኖሯል፤ ኑጉም ቢሆን በዓለም ፊት የኢትዮጵያ ተክል ተብሎ የታወቀ ነው። እኛ ግን ሰሊጡን ሸጠን ባሕር ተሻግሮ በጅቡቲ የመጣውን ፓልም እንገዛለን። ዋጋው ስለሚያንስ ነው እንጂ ሰው ጠልቶት አይደለም፤ የድኻውን ቤት ሳያዩ «ኑግ ግዛ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። ስለዚህ ለኑግ ዘይት አቅሙ የማይፈቅድለት ቤት ያለውን ዘይት ቢያሳንስ፣ ከመጥበስ ይልቅ ቢቀቅል፣ በጥብስ ዘይት ላይ ደጋግሞ ባይጠብስ ብዙ ይረዳዋል። በጉሙዝ ወንድሞቻችን ቤት የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ጋር ሲበላ ያየን እንደ ሆነ እንደ ድኻ ምግብ ቆጥረን ማለፍ የለብንም፤ ባሚያው የያዘው የሚያዳልጥ ቃጫ ስብን ከአንጀት ይዞ የሚወጣ ዓይነት ነው።

አሁን ስለ ክኒኑ እንናገር። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች አመጣጥ የሚያስደንቅ ነው። አኪራ ኤንዶ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ ከ6,000 በላይ የሻጋታ ዓይነቶችን መርምረው፣ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ የሚያግድ ቅመም በ1973 እ.ኤ.አ. አገኙ፤ ሻጋታውም ከአንድ የእህል መደብር ሩዝ ላይ የተወሰደ ነበር። ከዚህ የተነሣው መድኃኒት በ1987 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተፈቀደ። በ1994 እ.ኤ.አ. በሰሜን አውሮፓ በ4,444 የልብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ፈተና ደግሞ ሲምቫስታቲን የሚወስዱት ሞት ከማይወስዱት ከመቶ 30 ማነሱን አሳየ። አንዳንድ ሰው ጡንቻውን ያመዋል፤ እርጉዝ ሴትም ልትወስደው አይገባትም፤ ለዚህ ሁሉ ሐኪም ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በባዶ ሆድ መጠጣትን የሚመክሩን ወዳጆች አሉ፤ ምክራቸውን በፍቅር እንቀበላለን፤ ክኒኑን ግን አይተካም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናዘዝ ይገባናል። መጀመሪያ ስንመረመር ኤል ዲ ኤላችን 188 ነበር፤ መድኃኒቱን ሦስት ወር ከወሰድን በኋላ 104 ሆነ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ክኒኑን ጧት እንወስድ ስለ ነበር ጾም የምንሽር መሰለን፤ ደግሞም «ጾሙ ራሱ ይበቃል» ብለን ለማንም ሳንናገር 55ቱን ቀን ተውነው። ከትንሣኤ በኋላ ስንመረመር 171 ሆኖ ተገኘ። ጾሙ ጥቂት ቀንሶልን ነበር፤ ከአባታችን የወረስነውን ግን አላሸነፈውም። ሐኪሙ አልተቆጣንም። የምንወስደው አቶርቫስታቲን በማናቸውም ሰዓት ሊዋጥ የሚችል መሆኑን፣ ሲምቫስታቲን የታዘዘለት ሰው ደግሞ ይልቁንም ማታ ቢወስደው የሚሻል መሆኑን ብቻ ነገረን። የተቆጡን የንስሐ አባታችን ናቸው። «ማታ በማዕድህ ላይ የምትውጠው ነገር ጾምህን በምን ይሽረዋል? ፍትሐ ነገሥቱ ለሕመምተኛ የሚለውን አንተ ዲያቆን ሆነህ ታውቀው የለም ወይ? በመጽሐፈ ሲራክ ስለ ባለ መድኃኒት የተጻፈውንስ አላነበብህም?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ከዚያን ቀን ወዲህ ክኒኑን ከእራት ጋር እንወስዳለን፤ ጠበልም የሄድን እንደ ሆነ ይዘነው እንሄዳለን።

ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ በልብ ወይም በአንጎል ደም ሥር ሕመም በጊዜ የሞተበት ደግሞ ከዚያም አስቀድሞ፣ ደሙን ቢያስመረምር መልካም ነው። በሐኪም ቤት ወረቀት ላይ ጠቅላላው ከ200 በታች፣ ኤል ዲ ኤሉ ከ130፣ ይልቁንም ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ የልብ ሕመም ለደረሰበት ግን ከ70 በታች እንዲወርድ ይፈለጋል። ለምርመራው «ጾመህ ና» የተባለ ሰው ማስተዋል ያለበት ነገር አለ። አንድ ጎረቤታችን በነሐሴ ወር እንዲህ ተብሎ በታዘዘ ጊዜ በሽሮ እንጀራውን አጥግቦ ሄደና፣ ቁርስ በልተህ እንደ ሆነ ሲባል «ኧረ ጾም ላይ ነኝ» ብሎ ደሙን ሰጠ። ሐኪሙ የሚፈልገው ከውሃ በቀር እህል ሳይቀመስ 12 ሰዓት ያህል መቆየትን ነው።

በቤታችን ባለቤታችን ከመስከረም ወዲህ በየወሩ ኑግ ገዝተው በመጭመቂያ ያስጨምቃሉ። ዘይቱ ጠቆር ያለ ነው፤ ልጆቹ መጀመሪያ በሽታው አጉረመረሙ፤ አሁን ረስተውታል። ቀድሞ በወር 5 ሊትር እንጨርስ የነበርነው ዛሬ 2 ሊትር ይተርፈናል፤ ስለዚህ በወጪው ረገድ ብዙም አልተጎዳንም። ለእናታችንም ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በትንሽ ጠርሙስ ወስደንላቸው ነበር፤ ቀምሰው «ይህማ የእናቴ ቤት ዘይት ነው» አሉን። ቀጥለውም የደም ምርመራው ስንት ብር እንደሚያስከፍል ጠየቁን።

በሚመጣው ወር ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨው እንጽፋለን።